ባለ ሦስት ቁልፍ ግድብ

ቀን፦ ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 9 ሰዓት (የተጀመረው 10 ከሩብ)
ቦታ፦ ከግድቡ ዳር ያለው የዕቃ ክፍል
የተገኙ፦ የላይኛው ከተማ ሊቀ መንበር (እንጨት ነጋዴ)፣ የታችኛው ከተማ ተወካይ (ጡረተኛ ዳኛ)፣ ጸሐፊ (እኔ፣ መምህሩ)
የቀሩ፦ የማዶ ከተማ ተወካይ (ባለ ወፍጮው)። ጉንፋን ስለያዛቸው ቁልፋቸውን በባለቤታቸው ልከዋል።

ሦስቱ ከተሞች ስለማይተማመኑ የውኃ መልቀቂያው በር በሦስት ጓጉንቸር ይቆለፋል፤ በደንቡም ምልአተ ጉባኤ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቁልፍ ነው። ሦስቱም ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ስለተቀመጡ ስብሰባው ተከፈተ።

ከአጀንዳው በፊት የግድቡ ዘበኛ ገብቶ፣ "ጌቶቼ፣ ውኃው ግድቡን ሞልቶ ሊያልፍ አንድ ስንዝር ነው የቀረው። ልጄ አራስ ናት፣ ቤቷም ከግንቡ ሥር ነው። እባካችሁ በሩን እንክፈት" ሲል አመለከተ። ዳኛው፣ "ዛሬ ያለ አጀንዳ ከከፈትን ነገ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" በማለታቸው፣ ዘበኛው 'ልዩ ልዩ' እስኪደርስ ጥግ ይዞ እንዲቆም ተነገረው።

አጀንዳ 1፦ በግድቡ ሰሌዳ ላይ የማን ከተማ ስም ይቅደም?
ሊቀ መንበሩ ውኃው የሚመጣው ከእነሱ በኩል መሆኑን፣ ዳኛው ደግሞ የሚጠጣው እነሱ ዘንድ መሆኑን ገለጹ። ማንም እንዳይቀድም ሰሌዳው ክብ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሊቀ መንበሩ ክቡ ከየት እንደሚጀምር ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሰሌዳው ክብ ሆኖ በእንጨት ላይ እንዲሽከረከር ተወሰነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውኃው ዕድል ይሰጠኝ ብሎ እጁን አላወጣም።

አጀንዳ 2፦ የቀረ አባል ቁልፍ ድምፅ ይሰጣል?
የባለ ወፍጮው ሚስት፣ "እኔ ልናገርለት?" ቢሉ፣ የተወከለው ቁልፉ እንጂ አንደበታቸው እንዳልሆነ ተነገራቸው። ዳኛውና ሊቀ መንበሩ ሃምሳ ደቂቃ ተሰዳደቡ። ስድቡ እንዳይመዘገብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ዘበኛው ቢጠራ የለም። ቁልፎቹም የሉም። በመስኮት ስናይ በሩ ተከፍቶ ውኃው ቦዩን ይዞ በሰላም ይወርዳል። የባለ ወፍጮው ሚስት ቁልፎቹ ሲወሰዱ በዓይናቸው ማየታቸውን፣ ሆኖም አንደበት ስላልተፈቀደላቸው አለመናገራቸውን ገለጹ።

ውሳኔ፦ ቁልፎቹ ከክፍሉ ወጥተው ስለነበር ምልአተ ጉባኤ አልነበረም፤ ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ሰሌዳውም ስድቡም፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።

ስብሰባው 11፡40 ተበተነ። ቁልፎቹን እንዳስመልስ ተልኬ ብሄድ፣ ዘበኛው የልጅ ልጁን ታቅፎ በልጁ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። "ሦስቱም ቁልፎች እኔ ጋ አይደሉ?" አለኝ። "ስብሰባ ላይ ነው በላቸው።"