ስልኬን ያነሱልኝ ሰው

ስልክ አለማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አለማድረግ ይመስላል፤ የሠራበት ግን ድካሙን ያውቀዋል። አንዳንዱ ሰው ድምፁን ያጠፋና ስልኩን በፊቱ ይደፋዋል። አንዳንዱ ጠርቶ እስኪጨርስ ትክ ብሎ እያየ ይጠብቃል፤ ልክ ትንፋሹ ከወዲያ በኩል የሚሰማ ይመስል። ሌላው ደግሞ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ መልእክት ይልካል፤ ከተሰበሰበ ግን ዓመታት አልፈውታል። እናንተም ከነዚህ አንዱን ሳትሞክሩ አትቀሩም። አልፈርድባችሁም። እኔ ሁሉንም ሞክሬያለሁ፤ ለአራት ወር ያህል ከብየዳው ይልቅ ሙያዬ እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የብረት በርና መስኮት የምሠራባት ጠባብ ቦታ አለችኝ። ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ገንዘብ ወስጄ የብየዳ ማሽንና ላሜራ ገዛሁ። ስበደር ዝም ብዬ ዘልዬ አልገባሁም፤ በእጄ ትእዛዝ ነበረኝ። የሚከራዩ ክፍሎች የሚያሠራ አንድ ሰውዬ አሥራ አራት በር ከነመስኮቱ አዞኝ ቀብድ ሰጠኝ። ሠራሁለት። ሰውየው ግን ግድግዳውን እስከ ወገብ ካደረሰ በኋላ ግንባታውን አቆመ። ለምን እንዳቆመ ስጠይቀው «ለጊዜው ነው» አለኝ። ያ ጊዜ እስካሁን አላለቀም።

በሮቹን ለሌላ ሰው እንዳልሸጥ ደግሞ የተለኩት ለእሱ ግድግዳ ነው። ሰውየው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በሮቹን ከተለመደው መጠን ቀነስ አድርጎ ነበር ያዘዘው። ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ አሥራ አራት ቀጫጭን በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንዱን ገፋ አድርጎ ያያል፣ ሜትሩን ያወጣል፣ ይለካል፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ዝም ብሎ ያየኛል።

የብድሩ መክፈያ ቀን ግን የግንባታ ነገር አይመለከተውም። አንድ ወር አለፈኝ። ሁለት አለፈኝ። መደወል ተጀመረ።

መጀመሪያ ላይ የተቋሙን ቁጥር «አታንሳ» ብዬ መዘገብኩት። በሌላ ቁጥር ደወሉ፤ እሱን «አታንሳ 2» አልኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ «አታንሳ 6» ደረስኩ። አሠራሩ ጥሩ ነበር፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። «አታንሳ 5» ተቋሙ አልነበረም። አሸዋ ሜዳ በኩል አዲስ ቤት የሠራ ሰው የግቢ በር ሊያሠራ ፈልጎ፣ ስልኬን ከሆነ ሰው ተቀብሎ፣ ሦስት ቀን ሲደውልልኝ ነው የከረመው። ይህን ያወቅሁት ጎረቤቴ ያለው ብረት ሠሪ በሩን ሠርቶ ሲጭን ነው። እያገዝኩት አብሬው ጫንኩ። ትልቅ በር ነበር፤ ባለ ሁለት ተካፋች።

የባለቤቴ ስም ጫልቱ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። መበደሬን ታውቃለች፤ መክፈል ማቆሜን ግን አልነገርኳትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ስልኩ ሲጠራ አነሳችው። ጫልቱ ከማንም ጋር ስታወራ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ እያስረዳች ነው።

«አዎ፣ የእሱ ስልክ ነው። አዎ፣ እቤት ነው። ፊቱ ላይ ሳሙና አለ፤ ሲለቃለቅ ይመጣል። ይጠብቁ።»

ስልኩን ስታቀብለኝ ስሙን እያየች «አታንሳ ስድስት ማነው?» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። በወዲያ በኩል ያለችው ትዕግሥት የምትባል ሴት ናት። «አቶ ግርማ፣ ድምፅዎን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለች፤ ቅሬታ አልነበረበትም፣ እንደ ቀላል ዜና ነው የነገረችኝ። ቀጥላም አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር አወራችኝ። መክፈል ያቃተው ሰው ቀርቦ ካመለከተ ብድሩ ይሸጋሸግለታል፤ ጊዜው ይረዝማል፣ የወሩ ክፍያ ይቀንሳል፣ አዲስ ውል ይፈረማል። የሚያስፈልገው ማመልከቻ፣ የሥራ ቦታ ጉብኝትና የዋሱ አዲስ ፊርማ ነው።

«ይህን ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?» አልኳት። በዚያች ሰዓት እውነትም የተበደልኩ መስሎኝ ነበር።

«ልንነግርዎት ነበር የምንደውለው» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ጫልቱ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተቀምጣ ሁሉንም አስነገረችኝ፤ ከዚያ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ባዶ ደብተር ሰጠችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ሲደወል ታነሳለህ። የደወለውን ሰው ስም ትጠይቃለህ። የሆነውን ብቻ ትናገራለህ። የማትችለውን ቀን እሺ አትልም። ከዚያ እዚህ ላይ ትጽፋለህ» አለችኝ። የአራት ዓመት ልጆች ለምን እንደሚታዘዟት ያን ቀን ገባኝ።

ማመልከቻውን ሰኞ አስገባሁ። አሁን ስልኩ ጸጥ ይላል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ወንድ ደወለ።

«አቶ ግርማ፣ ውዝፍዎን ሐሙስ ስንት ያስገባሉ?»

አፌ ላይ አንድ ቁጥር መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እንዲህ ስትጠየቁ አንድ ቁጥር መናገር የጨዋ ሰው ወግ ይመስላችኋል። ደብተሩን አየሁና ዋጥኩት። «ሐሙስ ምንም የለኝም። ብድሩ እንዲሸጋሸግልኝ ትናንት አመልክቻለሁ» አልኩ።

«እኔ ጋ አይታይም።»

«ትዕግሥት የምትባል ሠራተኛችሁ ነች የተቀበለችኝ።»

«እሷ ሌላ ክፍል ናት።»

«የት ነው ክፍሏ? ሄጄ ላነጋግራት።»

«አጠገቤ ነው የምትቀመጠው» አለኝ።

ስሙን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፣ ጻፍኩ። በማግስቱ ሌላ ሰው ደወለ፤ ለእሱም ያንኑ ነገርኩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ያችኑ ንግግር ለየክፍሉ ስደግም ቆየሁ። የሚገርማችሁ ነገር፣ እየቀለለኝ መጣ። «የለኝም» የሚለው ቃል መጀመሪያ ቀን ከአፌ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀል ያህል ነበር። በአምስተኛው ቀን እየበየድኩ እናገረው ጀመር።

የቀረው የዋሱ ፊርማ ነው። ዋሴ የጫልቱ አጎት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ግምጃ ቤት ይሠራሉ፤ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት አይሞላቸውም። የመጀመሪያ ቀን ሲፈርሙልኝ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ጫልቱ ታውቃለች?» አሉኝ፣ ታውቃለች አልኳቸው፣ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ። እኔ ካልከፈልኩ ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ ሁለታችንም እናውቃለን። አላነሳነውም።

ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ አዲስ አበባን በጎን በኩል ማቋረጥና ሦስት ታክሲ መቀየር ይጠይቃል። ፋብሪካው በር ላይ ደርሼ ለጥበቃው ኦቦ ገመቹን ፈልጌ ነው አልኩት።

«የትኛው ገመቹ? ስልክ የሚደወልላቸው?»

ያልገባኝን ነገር አዎ አልኩ። ጥበቃው ወደ አስተዳደር ቢሮ መራኝ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ከመግባቴ የቡራዩው ሰውዬ መሆኔን አወቀች። እኔ ስልክ ባላነሳሁ ቁጥር ተቋሙ ወደ ዋሱ ይደውል ኖሯል። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የእጅ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የሚደወለው በእሷ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስልክ ነው። ሰው ትልክባቸዋለች፤ ኦቦ ገመቹ ግምጃ ቤቱን ይቆልፉና፣ ግቢውን አቋርጠው፣ በማሽኖቹ መካከል አልፈው፣ ቢሮ ድረስ ይመጣሉ። ቆባቸውን አውልቀው ቆመው ያናግራሉ፣ ይመለሳሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ አንዳንዴ አራት። ሠራተኛው ሁሉ ያያል። አለቃቸው በሥራ ሰዓት ግምጃ ቤት ዘግተው ይሄዳሉ ብሎ በጽሑፍ አስጠንቅቋቸዋል።

«ምን እያሉ ነው የሚመልሱት?» አልኳት።

«ልጁ ጨዋ ነው፣ አሁን ስለሌለው ነው፣ ታገሡት፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚሉት» አለች።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን የደፋሁባቸው ቀኖች አንድ በአንድ መጡብኝ። ለካ እኔ ያላነሳሁት ስልክ የትም አልቀረም፤ አንድ ሽማግሌ በፀሐይ ግቢ እያቋረጡ ሲያነሱልኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ መጡ። ሲያዩኝ ቆባቸውን እንዳወለቁ ነበር፤ ሌላ ስልክ መስሏቸው ነው። «አካም ጅርታ ግርማ፣ ጫልቱ ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ፤ ውጭ ወጥተን ከአጥሩ ጥላ ሥር ቆምን።

«ኦቦ ገመቹ፣ እንዲህ ሲሆን ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እከፍል ነበር።»

«ከምን?»

ያመጣሁትን ሙዝ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። እሳቸው ቆባቸውን መልሰው አደረጉ፤ ያለመቸኮል።

«ላንተ መንገር ለጫልቱ መንገር ነው ብዬ ነው» አሉ በኋላ። «የማስጠንቀቂያው ወረቀት እንኳ አልከፋኝም። እግሬን ነው ያመመኝ። እዚህ ድረስ መጥቼ የምለው ‹የለውም› ነው። እሱን አንተ ከአልጋህ ሳትወርድ ልትለው ትችል ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅርታዬ አጭርና የተኮላተፈ ነበር፤ እዚህ ላይ አሳምሬ ልጽፈው እችላለሁ፣ ግን እንደዚያ አልነበረም። እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። የምሳ ደወል ስለተደወለ ወደ ሥራቸው ከመመለሳቸው በፊት ያመጣሁትን ሙዝ አብረን በላን።

አዲሱ ውል በሦስተኛው ሳምንት ተፈረመ። የወሩ ክፍያ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፣ ጊዜው ረዘመ፤ በጠቅላላው የምከፍለው ስለጨመረ ተቋሙ ተጎዳ ብላችሁ እንዳታዝኑለት። ትዕግሥት ማህተሙን ስትመታ ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎ ነዎት እንዴ አቶ ግርማ?» አለኝ። በስልክ ብዙ ስለተነጋገርን እንደ ድሮ ጓደኛ ነው የተጨባበጥነው።

የመጀመሪያውን ክፍያ ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። ኦቦ ገመቹ ቢሮውን እየተመላለሱ ከጸሐፊዋ ጋር ተግባብተዋል። ስለ እኔ ስትጠይቃቸው ብረት ሠሪ መሆኔን ነግረዋታል። ሰበታ ደግሞ ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፤ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ጸሐፊዋ «ተደራራቢ አልጋ ይሠራል ወይ?» አለቻቸው። የተቋሙ ስልክ ከቆመ በኋላ የፋብሪካው ስልክ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። አነሳሁ።

አሥራ አራቱን በሮች ቆረጥኳቸው። በር ሆነው ያልተሸጡት ብረቶች አልጋ ሲሆኑ ምንም አላጉረመረሙም። ሰባት ተደራራቢ አልጋ ወጣቸው፤ ከዚያ ተጨማሪ ትእዛዝ መጣ። ሀብታም አልሆንኩም። በየወሩ በቀኑ እከፍላለሁ፤ ከከፈልኩ በኋላ ለኦቦ ገመቹ ከሥራ ሲወጡ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ «እሺ» ይሉኛል፣ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

በቅርቡ አንድ እሑድ ኦቦ ገመቹ ቡራዩ መጡ። ምሳ በሉ፣ የጫልቱ ተማሪዎች የሣሉትን ሥዕል አዩ፣ ስለ ጡረታቸው አወሩ። ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሰፈራቸው እቁብ ዕጣ ወጥቶላቸዋል፤ በገንዘቡ ጣሪያቸውን ሊያድሱ ነው። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ ቀድሞ የወሰደ ሰው የቀረውን እስኪጨርስ ዋስ ያምጣ ብሏል።

«ፋብሪካው ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈርምልኝ ነበረ» አሉ፤ «ግን ዳኛው የራሱ ሥራ ያለው ሰው ይሁን አለ።»

ጫልቱን አየኋት። ጫልቱ ኦቦ ገመቹን ታያለች። ወረቀቱን ተቀበልኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ በሕይወቴ ወረቀት እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። ያ ገንዘብ ካልተከፈለ ተጠያቂው እኔ እንደሆንኩ በጥሩ አማርኛ ተጽፏል። ስሜን ጻፍኩ፣ አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ስልክ ቁጥር የሚለው ላይ ደረስኩ።

ኦቦ ገመቹ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ።

«የምታነሳውን ጻፍ» አሉኝ።