ለሬዲዮ ሰላምታ የሚመልሱት ኦቦ ጃራ

ሰላምታው የማያልቅለት ሰው የሌለበት ከተማ በዚህ አገር የለም። አውቶቡሱ ተነስቶ፣ አንድ እግርዎ ደረጃው ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ እጅዎን ለቀም የሚያደርገው እሱ ነው። "ደህና ነኝ" ማለት አያድንዎትም። ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ጎረቤቱ ይጠየቃል፣ አምና እግሯን ያመማት ላም ትጠየቃለች። አውቶቡሱ ይሄዳል። እሱም አቧራው ውስጥ ቆሞ "አይዞህ፣ ሌላ ይመጣል" ይልዎታል።

በደርግ ዘመን የዚህ ዓይነቱ ሰው ሁሉ አለቃ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር። ክቡር የሰላምታ ሚኒስትር፣ ኦቦ ጃራ። ሚኒስትርነቱን የሾማቸው አስተማሪው ሞረዳ ሲሆን እሳቸውም ሹመቱን በደስታ ተቀብለዋል። የደመወዝ ሥራቸው ግን የቀበሌው አዳራሽ ጥበቃ ነበር። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ሁሉ እየጨበጡ ያስገቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ትእዛዝ ሲታሸግ የሚጨበጥ ሰው ጠፋ፤ እጃቸው ሥራ ፈታ።

የበቆሎ ሌባ ይዘው የበቆሎው ባለቤቶች እስኪመጡ ድረስ ስለ አባቱ ጤና ሲጠይቁት ነበር ይባላል። ይህ ሳይጋነን አልቀረም። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጣውን ካድሬ ጉዳይ ግን የሞረዳ ባልደረባ ፀዳለ በዓይኗ አይታለች። ሰውዬው ስለ እህል ኮታ ሊቆጣ መድረክ ላይ ወጥቶ "እንደምን ዋላችሁ፣ ጓዶች!" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኦቦ ጃራ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ! ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን! አከም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ፣ ጓድ? ጆሌን ነጋ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትዎስ?"

ካድሬው ወረቀቱን አየ፣ አዳራሹን አየ። "እናቴ እንኳ ታማለች" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮታው የተናገረውን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ፀዳለ ያን ቀን እንደ ሰው ሁሉ ስቃ ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። አባቷ ሲሞቱ ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ የገባች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ሆዷ የሚባባ ሴት። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባ በሬዲዮ የርቀት ትምህርት ጀመረ። ሰምቶ፣ ተፈትኖ ያለፈ አስተማሪ በክረምት ግቢው ገብቶ ይማራል ተባለ። ትምህርት ቢሮው ከትምህርት ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለዚያ ዓመት ብቻ ፈቃድ ሰጠ። ዕጣው ለፀዳለ ወጣ። ሞረዳም ያለ ፈቃድ፣ ለእውቀት ያህል ልስማ ብሎ ተከተላት። ባለሱቁ ረዲም መጣ፤ "እቤት ከመቀመጥ ይሻላል" እያለ።

ሬዲዮው የቀበሌው ነው፤ የቀበሌው ማለት ደግሞ የኦቦ ጃራ ነው። ከእሳቸው በቀር ማንም ከአዲስ አበባ ጋር ሊያገናኝ አይችልም። የባትሪውን ድንጋይ ጧት ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ ይዘሩበታል። የአንቴናውን ሽቦ ባሕር ዛፉ ላይ አስረው፣ ነፋስ በዞረ ቁጥር ወጥተው ያዞሩታል። "ቆይ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን አገናኝሻለሁ" ይላሉ። እውነትም ያገናኛሉ።

ችግሩ ከተገናኙ በኋላ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የዶክተር ገብረኪዳን ድምፅ ይመጣል። "እንደምን ዋላችሁ፣ ተማሪዎቼ" ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ ገጹን፣ መልመጃውን፣ ማስታወቂያውን ያዥጎደጉደዋል። ኦቦ ጃራ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነስተዋል።

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ! አከም ኦልተን፣ ዶክተር? ጆሌን ነጋ? ቀኤን ነጋ? ሎን ነጋ? ከብቱስ ደህና ነው?"

"ኦቦ ጃራ፣ አይሰማንም እኮ!" ይላል ሞረዳ።

"ባይሰማንስ? ሰው ሰላም ብሎን ዝም እንበለው? የእግዜር ሰላምታ ይነፈጋል?"

"ደግሞ የአዲስ አበባ ዶክተር ምን ከብት አለው?"

"ካልጠየቅነው በምን እናውቃለን?" ይላሉ። ከዚያ ቅር ብሏቸው ይቀመጣሉ። "ብቻ ይሄ ሰው ምን ያጣድፈዋል? ጠይቆ መልስ አይጠብቅም። በደህና ያሳደገው የለም እንዴ?"

በዚህ ምክንያት እነ ፀዳለ ዓመቱን ሙሉ ገጹን ሳይሰሙ፣ ከትምህርቱ መሃል ተነስተው መጽሐፉን ወደ ኋላ እየገለጡ ሲፈልጉ ከረሙ። ፀዳለ ቀድማ መጥታ ለመነቻቸው። ተቆጣቻቸው። አንድ ቀን ረዲ ከሱቁ ከረሜላ አምጥቶ በሰዓቱ አፋቸው ውስጥ ከተተላቸው፤ ከረሜላውን ጉንጫቸው ውስጥ አድርገው ሰላምታውን መለሱ። በሌላው ጊዜ ፀዳለ ራሷ ትስቅ ነበር። ትምህርቱ ገብቷታል፤ ቅዳሜ ትፈተናለች፤ የአንድ ደቂቃ ነገር ምን ያመጣል?

ቅዳሜ ጧት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ፈተናው ወዳለበት ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው ብቻውን ተቀምጧል።

"ፈተናው ሐሙስ አለቀ፣ የኔ እመቤት። ቀኑ መቀየሩ በሬዲዮ ተነግሮ የለም እንዴ? ሌሎቹ ከሲሬ ድረስ መጥተው ተፈትነው ሄዱ።"

የተነገረው መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነበር። ኦቦ ጃራ ስለ ከብቱ ሲጠይቁ።

ወሬውን ሲሰሙ ኦቦ ጃራ ለማንም ሳይናገሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዘበኛው አላስገባም አላቸው። ሰላም አሉት። ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ ስለ እናቱ ጠየቁት፤ በስተመጨረሻ ራሱ እጃቸውን ይዞ ዶክተሩ ቢሮ ድረስ አደረሳቸው። ሲመለሱ ከአውቶቡስ መውረጃው በቀጥታ የፀዳለን በር አንኳኩ።

"አከም ኦልቴ፣ ኢንተለ ኮ? ዶክተሩን አገኘሁት። ጥሩ ሰው ነው። ፈተናው ግን ታሽጎ ሄዷል፣ አይደገምም አለኝ። ብዙ ለመንኩት። ግቢው እንዴት ያለ ነው መሰለሽ! ዛፉ፣ አበባው..."

ፀዳለ አስጨረሰቻቸው ለማለት ያስቸግራል። እሷ በሩን እንኳ ያላየችውን ግቢ እሳቸው ገብተው ወጥተዋል።

"ኦቦ ጃራ፣ ሰላምታዎ በልቶኛል። ከእንግዲህ ወዲያ ሰላም እንዳይሉኝ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሌላውን ሰው ቢሉት ተቆጥቶ ወይም ስቆ የሚያልፈው ነገር ነው። እሳቸው ግን ቃሏን እንደ ሕግ ጠበቁ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ደስ አላት። ቀጥሎ ከነከናት። ኋላ ላይ እሳቸውን ላለማግኘት መንገድ መቀየር ጀመረች። አንድ ቀን ቀድማ "አከም ኦልተን" ብትላቸው ነገሩ ሁሉ እንደሚያበቃ ታውቅ ነበር። ነገ እላቸዋለሁ እያለች ሰነበተች።

ክረምት ሲገባ ኦቦ ጃራ እህታቸውን ለመጠየቅ ጊዳ አያና ወረዱ። እዚያው ወባ ያዛቸው። መርዶው ነቀምቴ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነበር። ፀዳለ ለቅሶ ላይ ከሰው ሁሉ የበለጠ አለቀሰች። ሰውም "ሬዲዮ አብረው ይሰሙ ነበር" እያለ አጽናናት።

ጥቅምት ላይ የሬዲዮው ትምህርት እንደገና ጀመረ። የዓመቱ ፈቃድ ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጥቷል፤ ፀዳለ ለምን እንደሄደች ለራሷም አልገባትም። ረዲ የባትሪውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አመጣ። ሞረዳ ሽቦውን ባሕር ዛፉ ላይ አሰረ። በሩ አጠገብ ያለችው የኦቦ ጃራ በርጩማ ላይ ማንም አልተቀመጠም። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ።

"እንደምን ዋላችሁ፣ ተማሪዎቼ" አለ ዶክተር ገብረኪዳን።

ከዚያ ዝም አለ።

"ድንጋዩ አለቀ መሰለኝ" ብሎ ረዲ ሬዲዮውን በጥፊ ሊመታው እጁን ሰነዘረ። ከውስጥ ግን ቀስ ያለ ሳል ተሰማ። ሰውዬው አለ። አልጠፋም። መልስ እየጠበቀ ነው።

ፀዳለ ኦቦ ጃራ ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ሌላ ምን እንደለመኑት ያን ጊዜ ገባት። ሰላም ብሎ መልስ እንዲጠብቅ ነው፤ በሯ ላይ ሊነግሯት ያልደረሱበት እሱን ነበር። ተነስታ ቆመች። ማንም ሳይጠይቃት፣ ልክ በእሳቸው ዜማ፦

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ። አከም ኦልተን፣ ዶክተር? ጆሌን ነጋ? ቀኤን ነጋ? ሎን ነጋ? ከብቱስ ደህና ነው?"

እሷ ስትጨርስ ሬዲዮው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኛም ደህና ነን" አለ። "ልጆቹም ደህና ናቸው። ከብት እንኳ የለኝም።"

ሞረዳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዶክተሩ ወዲያው ገጹን ተናገረ፣ ሞረዳና ረዲ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ፀዳለ አልሰማችውም።