ማስጠንቀቂያ ዝም የሚያሰኝ ሰው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ግን ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ የሚያስጠነቅቃቸውን ዝም የሚያሰኙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ?

በደርግ ጊዜ አንዱ ኮምፒውተር ይዞ ሞጣ መጣ። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የነዋሪዎች መዝገብ ሲሠራ እኔ ቁጥር አነብለት ነበር። የሰው ብዛት ከዜሮ በታች አይወርድም ብሎ የቁጥሩን ማስቀመጫ ከዜሮ በታች እንዳይቀበል አድርጎ አበጀው። ማሽኑ «የቁጥሮቹ ዓይነት አይገጥምም» ባለ ቁጥር «ግድ የለህም ተቀበል» እንደማለት በቅንፍ አንዲት ቃል ይጨምራል፤ ማሽኑም ጸጥ ይላል። ጸጥታው ያስፈራኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እውነቱን ቢሆንስ?» አልኩት መሬት መሬት እያየሁ።

«አሁን ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው ደህና ነው!»

እማማ ጥሩወርቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው የዘመቱት ቢቸና አጎታቸው ቤት ተመዝግበው ነው፤ ማሽኑ ግን ከእናታቸው ቤት ቀነሳቸው። ከአንድ ላይ ሁለት ሲቀነስ ስንት ይመስላችኋል? ማሽኑ ከዜሮ በታች መውረድ ስለተከለከለ ዞሮ የሚያውቀው ትልቁ ቁጥር ላይ ወጣ፦ ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት ሰው! ቀበሌው ወረቀቱን አይቶ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ሃያ ወታደር ነገ ካላቀረቡ ይታሰሩ አለ።

በጠራራ ፀሐይ ሮጬ ሄድኩና ከደጃፋቸው ሆኜ እየጮህኩ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። ወደ ባዶው ቤት ዞር ብለው አዩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ተኝተዋል።»