እንቁላል ትበላለች?

ሥራ ጡረታ አለው፤ ሥጋት ግን የለውም። ከመጋዘን ጥበቃ ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም በሩን ቆልፌ እሄድና ተመልሼ እነቀንቀዋለሁ። የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የሚነቀነቀው በር ይበዛል።

ሜላት ስምንት ዓመቷ ነው። የእንጦጦ ብርድ ወረድ ባለ ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር ስለሚል ሐኪሟ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አዘዘላት። እናቷ ሥራ ስለነበረባት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል እጇን ይዤ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አለርጂን ነው። በእኛ ጊዜ «አልተስማማውም» ይባል ነበር፤ የፈረንጅ ስም ሲያገኝ ጭራሽ አስፈሪ ሆነ።

ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ፣ «አባባ፣ እንቁላል ትበላለች?» አለችኝ።

ቆጣ አልኩ። «በስመ አብ! በሁዳዴ?»

«ስለ ጾሙ አይደለም አባባ። ክትባቱ ሲመረት እንቁላል ስለሚገባበት ለጥንቃቄ ነው የምጠይቅዎት። ይስማማታል?»

መርፌው ራሱ የፍስክ መሆኑን ያኔ ሰማሁ። እሱስ ይሁን። ጉዴ የፈላው በሌላው ነው። ለገና የዶሮ ወጥ እንቁላል በልታ ከንፈሯ ዙሪያውን ቀልቶ ነበር። እናቷ «በርበሬው ነው» አለች፤ እኔ «እንቁላሉ ነው» ብዬ ከዚያ ወዲህ እንቁላል እንዳትቀምስ ከለከልኩ። ሁዳዴ ሲገባማ ክልከላዬ ከላይ ድጋፍ አገኘ። ይህን ስነግራት ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች።

«እንግዲያው ሐኪም ሳያያት አልወጋትም።»

ባትከተብ ደረቷ፣ ብትከተብ እንቁላሉ።

ሜላት ጫማዋን እያየች፣ «እበላለሁ» አለች።

«ምን?» አልኳት።

«እንቁላል በዳቦ። ትምህርት ቤት ሐያት ምሳዋን ትሰጠኛለች፣ እኔ ድንቼን እሰጣታለሁ።»

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ስትበዪ ያሳክክሻል? ያብጥሻል? ትንፋሽ ያጥርሻል?» አለቻት።

«ይጣፍጠኛል።»

ተወጋች። ሩብ ሰዓት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ እኔ ከንፈሯን፣ አንገቷን፣ ክንዷን እመረምራለሁ፤ እሷ እግሯን ታወዛውዛለች። ምንም የለም። ዕድሜ ልኬን ጾም ገድፌ የማላውቅ ሰውዬ፣ የልጅ ልጄ ሁዳዴን በመግደፏ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው።

ለእናቷ አልነገርኳትም። በርበሬው ነው ማለቷ ልክ መሆኑን ካወቀች መኖሪያ አይኖረኝም። በማግሥቱ ግን የሜላትን ምሳ ስቋጥር ድንቹን ጨመር አደረግሁበት። ሐያት ትወዳለች አሉ።