ቨርሊን ስቶልዝ ስለ ቴሌቪዥን ሲል የዌልደንን ሕዝብ እንዳሻገረ

በሀገረ ነብራስካ፣ በምድረ ዌልደን፣ የከብት ትርኢት አዳራሹ ጣሪያ ማፍሰሱን በተወ በማግስቱ ዓመት፣ ምንጣፍ ነጋዴው ቨርሊን ስቶልዝ፣ ጌታ ዘጎሾች፣ ሊቀ አንጣፊ፣ ከአባቱ በወረሰው፣ ጎሾች በሚባለው ቡድን ላይ በሠለጠነ በሰባተኛው ዓመት፣ በቆሎ ሊዘራ የትራክተር ዘይት በሚቀየርበት ወር፣ ይህ የምንጽፈው ነገር ሆነ። የሆነውን በዓይናችን አይተናል፣ የተነገረውንም በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሰምተናልና ሐሰት የለበትም፤ ካለበትም ድምፅ ማጉያው ስለሚንኮሻኮሽ ነው።

የዚህ ሕዝብ ጨዋታ እግር ኳስ ይባላል፤ ኳሱ ግን እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ የሚያዘውም በእጅ ነው። በሰፊው ሜዳ፣ በሰማይ ሥር የሚጫወቱት ባለጠጎች ሲሆኑ፣ ጎሾች ግን በጣሪያ ሥር፣ በስፖንጅ ግድግዳ በታጠረ አጭር ሜዳ የሚጋጩ፣ ግድግዳውን አልፈው በተመልካች ጭን ላይ የሚወድቁ፣ ይቅርታ ጠይቀውም የሚመለሱ፣ የታችኛው ሊግ ሰዎች ነበሩ። በቀኝ ኳስ ወርዋሪው ቀኛዝማች ዴሪየስ ኮል ይሰለፍ ነበር፣ በአዘቦት ቀን የትራክተር ጎማ የሚለጥፍ፤ በፊት ፊታውራሪ ፋሌ ቱኢቫይ፣ በሥጋ ፋብሪካ የበሬ ጎን በአንድ ትከሻ የሚሸከም፣ በሩ ሲጠብበት በጎኑ የሚገባ፤ በግራ ግራዝማች ግራንት ኦስትሬም፣ የሒሳብ መምህር፣ ኳሱን በእግሩ የሚመታ እርሱ ብቻ በመሆኑ የጨዋታውን ስም ከሐሰት ያዳነ። ከእነርሱ ኋላ ከበሮ መቺዎች፣ ሆትዶግ ጠባሾች፣ እንዲሁም የጎሽ ቆዳ ለብሶ የሚጨፍር አንድ የጥርስ ሐኪም ይከተሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የቨርሊን ታላቅ እህት እመቤት አርሊን ነበረች፣ ዐቃቢተ አንቀጽ፣ በትኬት መስኮት የተሾመች፣ ሳትፈቅድ ዝንብ እንኳ የማትገባባት።

በዚያም ዓመት የሊጉ ሹማምንት፣ አዳራሹን በሰው የማይሞላ ቡድን ለከርሞ ከእኛ ጋር አይቆጠርም ብለው አዋጅ አስነገሩ። የዌልደን አዳራሽ ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ቨርሊንም በምንጣፍ ጥቅሎቹ መካከል ብዙ ካሰበ በኋላ ሦስት ወንዝ ወደሚባለው የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ ልኮ፣ መልካም ምላሽ አግኝቶ፣ በጨዋታ እረፍት ማይክ ይዞ እንዲህ አወጀ።

«እንደምን አመሻችሁ። ቨርሊን ነኝ። የመጪው ሳምንት ጨዋታ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው። ሊጋችን ውስጥ እስከ ዛሬ በቴሌቪዥን የታየ ቡድን የለም፤ እኛ ከታየን ማንም ደፍሮ አይሰርዘንም። እንግዲህ ፀጉራችሁን ተቆረጡ።»

ይህን ስትሰማ አርሊን፣ የጠፋ ቁልፍ የምታስነግርበትን የመስኮቷን ማይክ አንሥታ መለሰች።

«ይሄ የትኬት መስኮት ነው። ወንድሜ ያላሰበው ነገር አለ። ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ካየን እዚህ የአሳማ ሽታ ሊያሸት ምን አባቱ ያመጣዋል? ይሄ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣል ነው። ደግሞ የቀይ ፒክአፕ ባለቤት፣ መብራትህን ሳታጠፋ ነው የገባኸው።»

«እትዬ አርሊን፣ ብብቴ ውስጥ ምን አለና? ግማሽ አዳራሽ።»

«ግማሹም ሰው ነው።»

ሕዝቡም በዚህ ነገር ለሁለት ተከፈለ፤ ባልና ሚስት ተኳረፉ፣ ጸጉር አስተካካዩም ደንበኞቹን በወገን በወገን አስቀመጠ። አንዱ ወገን ቴሌቪዥን ያላየው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ፤ ሌላው ወገን ቴሌቪዥን ሰውን ያወፍራል አለ።

ቨርሊን ግን ለሕዝቡ ያላወጀው አንድ ምክንያት በልቡ ነበረው። አባታቸው ኦርቪል ስቶልዝ፣ ቡድኑን የመሠረተ፣ ኮርማ በሚረግጠው አፈር ላይ የመጫወቻውን ሜዳ አረንጓዴ ምንጣፍ መጀመሪያ የዘረጋ፣ እግሩ ከድቶት በኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን ቤት ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላየም። ቨርሊን በየእሑዱ ሊጠይቀው ሲሄድ ሽማግሌው «እንዴት ሆነ?» ይለዋል፣ እርሱም ለመናገር ይሞክራል፣ መናገር አልተሰጠውምና ውጤቱን ብቻ ነግሮት ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ከዚህም በኋላ የቴሌቪዥኑ መልእክተኛ ብራድሊ ኔስ መጥቶ አዳራሹን ዞሮ ተመለከተ። የኤሌክትሪኩ ገመድ የሚደርሰው በምዕራብ በኩል ብቻ ነውና ካሜራው በምዕራብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ማየት ግድ ሆነበት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሰው አይቀመጥም፤ ከግድግዳው ኋላ የአሳማ ጋጥ ስላለና ሽታው በረዶም ቢወርድ ስለማይለቅ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከአባት ከእናቱ ጀምሮ በምዕራብ ነበር የሚቀመጥ። ኔስም ይህን አይቶ ፈረደ።

«ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ባዶ ወንበር ግን አናሳይም። ቅዳሜ ያኛው በኩል ከሞላ የዓመት ውል እንዋዋላለን። ካልሞላ ወደ ዓሣ ማጥመድ ፕሮግራማችን እንመለሳለን። ሰው ይወደዋል።»

ቅዳሜም ደረሰ። ሕዝቡ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ፣ አዳራሹን ረግጦት የማያውቀውም ሳይቀር፣ እንደ ጎርፍ ገባ። አርሊን ትኬት ስትቆርጥ እጇ ዛለ። የገባው ሁሉ እንደ ልማዱ በምዕራብ ተቀመጠ፤ ቦታ ያጣውም በምዕራብ ቆመ። ምሥራቁ ባዶ ሆኖ ከካሜራው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ቨርሊን ማይክ ይዞ ለመነ፣ ገሠጸ፣ ነጻ ሆትዶግም ቃል ገባ። ማንም አልተነሣም፤ ዊልመር ያኔችካ አልተነሣምና።

ይህ ዊልመር አዛውንት ገበሬ ነበር፣ በመጀመሪያው ጨዋታ መጀመሪያ የገባ፣ በምዕራብ ግንባር አግዳሚ ላይ ሥር የሰደደ። የዌልደን ሰው ወንበሩን የሚያውቀው በቁጥር ሳይሆን ከዊልመር በላይ፣ ከዊልመር በታች፣ ከዊልመር በስተግራ እያለ ስለነበር፣ እርሱ ከሌለ ሰው ሁሉ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። ማይኩም ወደ እርሱ ሲቀርብ እንዲህ አወጀ።

«እኔ ከወንበሬ አልነሣም። ቁጭ በል ያለኝ ራሱ ኦርቪል ስቶልዝ ነው። ተነሥ ብሎኝ አያውቅም።»

«ጋሽ ዊልመር፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ግብርም ሲጀምር ለአንድ ቀን ተብሎ ነው።»

ኔስ ሰዓቱን አየ። በቨርሊን ላይ ቡድኑም፣ የአባቱም ፊት፣ ባዶው ወንበርም በአንድነት መጡበት፤ ምላሱ መክዳቱ ዛሬም ያው ነበር። በዚህ ጊዜ ምላሱን ትቶ እጁን አሰበ። ወደ ምንጣፍ መኪናው ሮጦ የብሎን መፍቻ አምጥቶ፣ በዊልመር እግር ሥር ተንበርክኮ የአግዳሚውን ብሎኖች ይፈታ ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ?» አለ ዊልመር።

«አይነሡ፣ ጋሽ ዊልመር። እንደተቀመጡ ይቆዩልኝ።»

ብሎኖቹ ወልቀው ሲያበቁ ፊታውራሪ ፋሌ በአንድ ጫፍ፣ ቀኛዝማች ዴሪየስና ግራዝማች ግራንት በሌላው ጫፍ ገብተው፣ የብረት ቆባቸውን እንደደፉ አግዳሚውን ከነዊልመር፣ ዊልመርንም ከነፈንዲሻው በትከሻቸው አነሡ። ከበሮ ተመታ። የጥርስ ሐኪሙ ጎሽ ከፊት እየጨፈረ መንገድ ጠረገ። በስፖንጁ ግድግዳ ላይ ሲያሳልፉት ፋሌ ብቻውን ከነአግዳሚው እንደ ሕፃን አቅፎ አሻገረው፤ ከፈንዲሻውም አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። በሜዳው እኩሌታ ሲደርስ ዊልመር ከዙፋኑ ሆኖ ለሕዝቡ ተናገረ።

«አልተነሣሁም። ሁላችሁም እዩልኝ። አልተነሣሁም።»

ያን ጊዜ ምዕራብ ተነሣ። ሕዝቡ በየቤተሰቡ ትራሱንና ብርድ ልብሱን፣ ልጁንና ሆትዶጉን ይዞ፣ ግድግዳውን እየተጋገዘ እየዘለለ፣ ምንጣፉን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ፤ ከዊልመር በላይም፣ ከዊልመር በታችም፣ እንደ ቀድሞው ሰፈረ። ዊልመር አፍንጫውን ይዞ፣ የዛሬ አሳማ እንደ ድሮው አሳማ አይደለም አለ። ኔስ አውራ ጣቱን አነሣ፣ የካሜራው ቀይ መብራትም በራ።

ከተጋጣሚዎቹ ከሬድ ፎርክ ሰዎች ጋር የሆነውን ውጊያ ለመተረክ የተመለከተው ሰው ሊገኝ አልቻለም። ሕዝቡ በሙሉ ካሜራውን እያየ እጁን ሲያውለበልብ ነበርና። አንድ የሬድ ፎርክ ተጫዋች ግድግዳውን አልፎ በአንዲት እመቤት ጭን ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ሴትዮዋ ከካሜራው ስለጋረዳት ቆቡን ወደ ታች ተጭና ማውለብለቧን ቀጠለች። ጎሾች ተሸነፉ፤ ታሪክ ጸሐፊ ግን ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ቀለም አያባክንም።

በማግስቱ እሑድ ኔስ ወደ ምንጣፍ ሱቁ መጣ፤ አርሊንም በዚያ ነበረች። ቃሉም ይህ ነበር።

«ቨርሊን፣ የሚያያችሁ ሰው ጠፋ። የኛ ቴሌቪዥን የሚደርሰው እዚሁ ዌልደን ነው፣ ዌልደን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። ቤቱ የቀረ የለም። ከተማው ውስጥ የበራ ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለው የአረጋውያን ቤት። ውሉ ቀርቷል። ቅዳሜ ዓሣ ነው።»

እንዲህም ሆኖ ቴሌቪዥን አዳራሹን ባዶ ያደርጋል ያለችው እህት ተሳሳተች፣ ሞልቶ ፈስሶ ነበርና፤ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየናል ያለውም ወንድም ተሳሳተ፣ ዓለም አልመጣምና። አርሊን በጥቅል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ፈረደች።

«ተሳስቻለሁ። ደስ አይበልህ፣ አንተም ተሳስተሃል።»

በዚያው ቀን ሁለቱ ወደ ኮረብታው ወጡ። ኦርቪል በባለጎማ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር፤ ወንድምና እህት ቆመው ቃሉን ተቀበሉ።

«አየሁት። ምንጣፉ መሐል ላይ ተጨማዷል። ማን ነው ያነጠፈው ሲሉኝ፣ አላውቀውም አልኳቸው። ዊልመርን ከነወንበሩ ያሻገረው ግን የኔ ልጅ ነው ብያቸዋለሁ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የልጅ ልጁን እያየ እጁን ሲያውለበልብ አመሸ፤ የሚያዩን መስሏቸው። ቀጣዩ መቼ ነው?»

ቨርሊን የአባቱን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞረ። አርሊን ወንድሟን አየች፤ ያላወጀው ምክንያት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ልናገረው?»

እርሷም፣ የሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን የእሑድን ስብከት በአንዲት ትንሽ ካሜራ ወደዚያ ቤት እንደሚልክ ታውቅ ነበርና ወደ ፓስተሩ ሄዳ፣ ካሜራዋ ቅዳሜ ሥራ ፈት እንደሆነች አስረድታ፣ ሳትለምን ተቀብላ ተመለሰች። በሚቀጥለውም ጨዋታ በመስኮቷ ማይክ አወጀች።

«ይሄ የትኬት መስኮት ነው። ካሜራ አለ። የሚያየን ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አያይም፤ በኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። ማውለብለብ የምትፈልጉ በምሥራቅ ተቀመጡ። እዚያ ሰው ያላችሁ ከፊት።»

ሰው ይበተናል ብለን የጠበቅን አፈርን። የመጣው ከፊተኛው በዝቶ፣ አዳራሹ እስከ አሳማው ግድግዳ ሞላ፤ ለፊት ወንበርም ግፊያ ሆነ። ኮረብታው ላይ ዘመድ የሌላቸውም በትኬት መስኮቱ ተሰልፈው፣ የሚያውለበልቡለት ሰው እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ አርሊንም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ስም ሰጠች። የሊጉ ሹማምንት መጥተው ይህን አይተው፣ ምን እንዳዩ ሳይገባቸው፣ የጎሾችን ስም በመዝገባቸው አጽንተው ሄዱ።

ስለዚህ የቤት ውስጥ እግር ኳስ ቴሌቪዥን ይሻል ወይስ አይሻም እያላችሁ በየሸንጎው የምትከራከሩ ሁሉ፣ ስሙ። በታችኛው ሊግ ጌቶች መካከል ውል የተዋዋለ እርሱ ብቻ ነው፣ ውሉም ኮረብታው ላይ ካለው ከአንዱ ቴሌቪዥን ጋር ነው፤ አሻጋሬ ሕዝብ፣ ፈታሔ ብሎን፣ ወልደ ኦርቪል፣ ወንድመ አርሊን፣ ቨርሊን ስቶልዝ፣ ስሙ በምሥራቅ ወንበርም በምዕራብ ወንበርም ይክበር። ጎሾችም በዘመኑ ብዙ ጊዜ ተሸነፉ፤ ሽንፈታቸውን የሚያይላቸው ግን ከዚያ ወዲህ አላጡም።