ክቡር ጭስ መዛኝ

በየመሥሪያ ቤቱ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል ስብሰባውን እንደ አዲስ የሚያስጀምር ማለት ነው። የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ጭሳቸውን ምን ያህል እንደቀነሱ እየለካ ደረጃ በሚያወጣው ቢሮ ውስጥ እኚህ ሰው «ክቡር ጭስ መዛኝ» ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው ፊት ለፊታቸው የምትቀመጠው ባልደረባቸው ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንጀቷን አሳርረውታላ!

ክቡርነታቸው የማይለኩት የለም። አውቶቡስ ሲያልፍ የጭሱን ቀለም አይተው የሞተሩን ዕድሜ ይናገራሉ። አንዴማ ሾፌሩን አስቁመው ጠይቀዋል፤ የሳቱት በሁለት ወር ብቻ ነው። በባልደረባቸው የልደት ቀን ኬኩ ላይ ሻማ ሲለኮስ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሳቸው ሻማው ስንት ደቂቃ እንደሚጨስ ለመለካት ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ወይ ጉድ!

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛቸው ላይ ጋደም ስትል፣ እሳቸው በሐሳብ ጭልጥ ይላሉ። ከከተማው ዳር የሚወጣው ጭስ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ይሳሳል፣ ከደመናው ጋር ይቀላቀላል።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?» ትላቸዋለች።

«ከደመናው በላይ ነኝ፣ እህት ዓለም። እዚህ ማንም ሪፖርት አይጽፍም።»

እየተናደደችም ቢሆን እሳቸው ወደሚያዩበት ታያለች። ሳታስበው ሥራ መውጫ ይደርሳል።

ባለፈው ሐሙስ አለቃቸው አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ለአንድ በርሜል የሚያወጣው ጭስ በግማሽ ቀንሷልና አንደኛ ይውጣ ተብሏል። የቀረው የክቡርነታቸው ፊርማ ብቻ ነው።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «በርሜሎቹስ?»

«ምን ሆኑ?»

«ሦስት እጥፍ ሆነዋላ! ጠቅላላው ጭስ ጨምሯል'ኮ። ሰማይ ማካፈል አያውቅም፤ የመጣለትን ሁሉ ነው የሚቀበለው።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሥራዎ ምድር ቤት፣ አሮጌ ፋይል ክፍል ነው።»

ክቡርነታቸው ወደ መስኮታቸው ዞር አሉ። «መስኮት አለው?»

«የለውም።»

እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

አለቃው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ፈርሚና የመስኮቱ ቦታ ያንቺ ይሁን።»

«መቼ ነው ከኚህ ሰውዬ የምገላገለው» ስትል ዘጠኝ ዓመት የኖረች ሴት ጮቤ መርገጥ ነበረባት። እሷን ግን አልቅሺ አልቅሺ አላት።

በማግሥቱ ክቡርነታቸው ምድር ቤት ግድግዳው ላይ አፍጥጠው ተቀምጠው ሳለ፣ በሩ በወንበር እግር ተገፍቶ ተከፈተ። ወንበሩን የተሸከመችው እሷ ነበረች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ምን ሆነሻል? አልፈረምሽም እንዴ?»

«አልፈረምኩም።»

«እብድ ነሽ! እዚህ'ኮ ምንም አይታይም።»

ወንበሯን ፊት ለፊታቸው አስቀምጣ ቁጭ አለች።

«እርስዎ ብቻ ያውሩልኝ፣ ጋሼ» አለች። «እኔ አያለሁ።»