ሲፈን ይገባታል ወይ?

ሰውን የሚፈራውን ነገር ብትጠይቁት ጅብ ይላል፣ እባብ ይላል፣ ደፈር ያለው አለቃዬን ይላል። እኔ እንደ ጥያቄ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። ከጅብ ይሮጣል፤ ጥያቄ ግን አብሯችሁ ተኝቶ አብሯችሁ ይነሳል። ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ፣ የመጣችሁበትን ትታችሁ፣ ስለ ጉንፋን አውርታችሁ የወጣችሁበት ቀን የለም? አትደብቁኝ።

እኔ አንዷን ጥያቄ ሦስት ዓመት ተሸክሜያታለሁ። ጊንጪ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የጠፋ ፋይል ፈልጎ ማውጣት እንጀራዬ ነው። የራሴን ጉዳይ ግን ቀብሬው ተቀመጥኩ።

ልጃችን ሲፈን ስትወለድ ምጡ ረዘመ፤ ከወጣችም በኋላ ቶሎ አላለቀሰችም። አዋላጆቹ ተሯሩጠው ተሯሩጠው በስንት መከራ ድምጿ ሲሰማ፣ ባለቤቴ ጫልቱና እኔም አብረናት አለቀስን። ክፉው ያለፈልን መስሎን።

ዓመት ሲሞላት አልተቀመጠችም። እግሮቿ ደርቀው ይጠላለፋሉ፤ የጨበጠችው እጅ አይፈታም። ጎረቤታችን ኦቦ ቶለራ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ ከልባቸው ነበር። ሌላው ሰው ግን «የማን ኃጢአት ይሆን?» በሚል ዓይን ያየን ጀመር። ወይም ያየን መሰለኝ። እንግዳ ሲመጣ ልጄን ወደ ጓዳ ማስገባት ለመድኩ። ብርድ እንዳይመታት ነው እላለሁ፤ በሚያዝያ ፀሐይ!

ጫልቱ በመጨረሻ ሰለቻት። «ከፈለግህ ቅር፤ እኔ አምቦ ሆስፒታል ልወስዳት ነው» አለችኝ። ተከትያቸው ሄድኩ።

ሐኪም መርምሮ የላከን የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ወደምትሰጥ ባለሙያ ነው፤ ወጣት ሴት ናት። ሲፈንን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ እጅ እግሯን በቀስታ ስታፍታታ ቆየችና፣ ሐኪሙ የጻፈውን አነበበችልን። «ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አንድ በሽታ ብቻም አይደለም፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል፣ በማኅፀን፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ሲጎዳ የሚመጡ የእንቅስቃሴ ችግሮች የጋራ ስም ነው። ከልጅ ልጅ ይለያያል።»

«እየባሰ ይሄዳል?» አልኩ።

«አንጎሏ ላይ የደረሰው ጉዳት አይስፋፋም። ሰውነቷ ግን ካላሠራነው እየደረቀ ይሄዳል። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

ጓዳ ነበርን ልበላት? ጫልቱ ዞራ አየችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያቺ ጥያቄ ሳላስባት ከአፌ ያመለጠችው።

«የምንለው ይገባታል ወይ?»

ባለሙያዋ ወደ ልጄ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ «ሲፈን፣ አባን ኬ ኤሳ?» አለቻት። አባትሽ የት ነው ማለቷ ነው።

ሲፈን አንገቷን ለማዞር ታገለች። አንዴ ወደ ግድግዳው ሄደባት፤ እንደገና ታገለች። በመጨረሻ ዓይኖቿ እኔ ላይ መጥተው ቆሙ። ፈገግ አለች።

መደሰት ነበረብኝ። ተደስቻለሁም። ግን እመኑኝ፣ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ያልተናገርኩት አልነበረም። «ምን እናድርጋት?» ብያለሁ። «ባትተርፍ ይሻላት ነበር» ያልኩበትም ቀን አለ። ከዚያ ሁሉ የትኛውን ሰምታ ይሆን? ይህን የሚነግረኝ ሐኪም የለም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አፌን መክፈት ፈራሁ። ሲፈን ጭኔ ላይ ናት። አጠገባችን የተቀመጡት፣ አዲስ ዓለም የሚወርዱ እናት፣ አይተው አይተው፣ «ልጄ፣ ምን ሆና ነው?» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጠላውን ፊቷ ላይ እጥል ነበር። አሁን ግን የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ አንጎል፣ ወሊድ፣ እንቅስቃሴ፣ እንደማይተላለፍ፣ እንደማይስፋፋ። ግማሹን ሳላምታታ አልቀርም።

እናትየው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ስሟስ?» አሉ።

«ሴሬብራል ፓልሲ።»

«ኧረ የልጅቷን ነው የምልህ!»

ጫልቱ ከመተላለፊያው ማዶ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ነገርኳቸው። እናትየውም ጎንበስ ብለው፣ እኔን እንደሌለ ሰው ትተው፣ ከሲፈን ጋር ወሬ ጀመሩ።